መሄድ መተው መክፈል መተው አይደለም

ካርቱም ውስጥ ጂም የሚሠራ ወገናችን ስፖርቱን መተው ሲፈልግ ማንንም አያስፈቅድም። መሄዱን ይተዋል፣ በቃ። ወር ሲገባ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሮ ይከፍላል፣ ያልከፈለ እንደሆነ በር ላይ ይመለሳል፤ ከዚያ የሚያልፍ ጣጣ የለም። ይህ የሆነው ባለ ጂሞቹ ከሌላው አገር ሰው የተሻሉ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት ቪዛና ማስተርካርድ በካርቱም ገበያ ቦታ አልነበራቸውም። ካርድ ከሌለ ደግሞ በየወሩ ከካርድ ላይ ራሱ የሚቆርጥ ክፍያ የለም። ማዕቀቡ ነጋዴውን በብዙ ነገር ቢጎዳውም ከዚህኛው ወጥመድ ግን ጠብቆት ኖሯል።

ችግሩ የሚመጣው ይህን የካርቱም ልማድ ይዘን ሌላ አገር ስንገባ ነው። ከደይምና ከጅሬፍ ተነስተው አሜሪካና ካናዳ የገቡ ልጆቻችን ጂም ይመዘገባሉ። ምዝገባው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ይፈርማሉ። ከዚያ ሥራው ወደ ሌሊት ፈረቃ ይዞራል ወይም ከተማ ይቀይራሉ፣ መሄዱም ይቀራል። በልጁ ሐሳብ ነገሩ አልቋል። በውሉ ግን አላለቀም፤ ገንዘቡ በየወሩ መቆረጡን ይቀጥላል። ሒሳቡ ባዶ ሲሆን ያልተከፈለው ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል፣ ይህም ቤት ሲከራይ ወይም መኪና ሲገዛ ከሚታየው የብድር ታሪኩ ላይ ሊጻፍ ይችላል። እናቱ ደግሞ መተማ ወይም ካይሮ ሆና "ዘንድሮ ልጄ ምነው እጁ አጠረ?" ትላለች።

እኛ የምንለው ዝም ማለት እንደ መስማማት ሊቆጠር አይገባም ነው። ሱቅ አረቢ ውስጥ አንድ ደላላ "ባለፈው ወር ስለገዛኸኝ ዘንድሮም ገዝተኸኛል" ብሎ ሒሳብ ቢጠይቅ ገበያው ይስቅበታል። እርግጥ ዕድራችንም የቀረ ሰው ላይ ይቆጥራል፣ ቅጣትም አለው። ነገር ግን ሰው ሁለት ሦስት ወር ሲጠፋ ዳኛው "ምን አገኘው?" ብሎ ሰው ይልካል። ጂሙ ግን አባሉ በሩን ከረገጠ ስድስት ወር እንዳለፈው በመግቢያ ካርዱ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል። ዝምታው ትርፉ ነውና።

ይህ የስደተኛ አለማወቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአገሩ ተወላጆችም ያለቅሳሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 "መውጫው እንደ መግቢያው ይቅለል" የሚል ይዘት ያለው ደንብ አጽድቆ ነበር። ደንቡ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት በጁላይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት በአወጣጡ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ሻረው። በሚቀጥለው ወር ኮሚሽኑ ኤልኤ ፊትነስ የተባለውን ትልቅ የጂም ድርጅት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው አባላት ለመውጣት ቅጽ አትመው በፖስታ መላክ ወይም በአካል ሄደው ለተወሰነ ሠራተኛ ማስረከብ ነበረባቸው፤ ድርጅቱ ክሱን አልተቀበለም። ጀርመን በአንጻሩ ከጁላይ 1 2022 ጀምሮ በድረ ገጹ የወርኃዊ ክፍያ ውል የሚያስገባ ድርጅት እዚያው ላይ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያኖር በሕግ አስገድዳለች። ስለዚህ ነገሩ የሚቻል ነው፤ የጠፋው ፈቃዱ ነው።

እስከዚያው አሜሪካ ላሉት ልጆቻችን ይህን ንገሯቸው። ደብዳቤው ሁለት ነው፤ አንዱ ለጂሙ፣ አንዱ ለባንኩ። ለጂሙ ውሉ በሚጠይቀው መንገድ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቢቻል በአደራ ደብዳቤ ይላክ፣ ቅጂው ይቀመጥ። ለባንኩ ደግሞ ከሚቀጥለው መቁረጫ ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ "ይህን ክፍያ አቁሙልኝ" ማለት የሕግ መብት ነው፤ በስልክ የተናገረውን ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጥ ሊለው ይችላልና ቀድሞ መጻፉ ይሻላል። ብዙዎች ባንኩን ብቻ አስቁመው ይገላገሉ ይመስላቸዋል። ውሉ ካልፈረሰ ግን ዕዳው ከጀርባ ይቆጠራል። ካለፈቃድ የተቆረጠ ገንዘብ ካለም የሒሳብ መግለጫው በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ እኛው ጋ ደግሞ ያው ነገር በስልክ ይመጣል። ረሲድ ለእኛ የመነጋገሪያ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚላክ ገንዘብ ነው። ሻይ የምታፈላ እህታችን ጠዋት የሞላችው ረሲድ ማታ ጎድሎ ታገኘዋለች። ያልደወለችበት ነው። መልእክቱ በአረብኛ መጥቷል፣ የዘፈን ወይም የዜና አገልግሎት ነው፣ ሳታነብ አንድ ቁጥር ተጭናለች። ቢሮ ስትሄድ "አንቺ ነሽ የተመዘገብሽው" ትባላለች። አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው በአረብኛ የመጣ ጥያቄ ላይ የተጫነ ቁጥር ስምምነት ሊባል እንዴት ይችላል? ይህን ጉዳይ የኮሚኒቲው ተጠሪዎች ለኩባንያዎቹ በጽሑፍ ማቅረብ ነበረባቸው፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ሲነጋገሩ ዓመታት አለፉ።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በመተማ በኩል የወጣችሁም የኢትዮጵያ መስመር ስትይዙ በአጭር ቁጥር የሚመጡ መልእክቶችን ተመልከቱ። አብዛኞቹ "ስቶፕ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደዚያው ቁጥር በመላክ ይቋረጣሉ። ካልተቋረጠ ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት መደወል ነው፤ ከዚያ በላይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመ ነው፣ የተጠቃሚን ቅሬታ መስማትም ሥራው ነው። ስትሄዱ የመልእክቱን ፎቶ፣ የላከውን አጭር ቁጥርና የተቆረጠበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ።