ወደ ታች የሚፈስ ነፋስ

በጣና ዙሪያ የኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን የእሳትን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በደቅ ደሴትም ሆነ በዘጌ፣ ወይም በባሕር ዳር ዙሪያ በሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች ጎጆ ሲቀለስ፣ ከምድጃው የሚነሣው ጢስ ሽቅብ ወጥቶ በሣሩ ክዳን መካከል እየሰረገ እንዲያልፍ ሆኖ ይሠራ ስለ ነበር፣ ጣራው በጥላሸት ጠቁሮ ከምስጥና ከነቀዝ እንደ ተጠበቀ ብዙ ዘመን ይቆይ ነበር። ከዚህ ልማድ የተነሣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት፣ እሳትም ጢስም ወደ ላይ እንደሚሄዱና መውጫቸውም ከላይ ሊበጅላቸው እንደሚገባ የሚያስተምር ነው፤ የአብነት መምህራንም ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስረዱ እሳትንና ነፋስን ከቀላሎቹ፣ ውሃንና መሬትን ከከባዶቹ ወገን ይመድቧቸዋል።

ዛሬ በየማድ ቤቱ የገባው ቡታጋዝ ግን ይህን ሁሉ የሚቃወም ጠባይ አለው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ሁለቱ ጋዞች በብርቱ ግፊት ታምቀው ፈሳሽ በመሆን በብረት ሲሊንደር ውስጥ ይኖራሉ፤ ከዚያ ያመለጠ አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲመለስ ከ240 እስከ 270 ሊትር የሚደርስ ስፍራ ይይዛል። ይህም ጋዝ ፕሮፔን የሆነ እንደ ሆነ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ያህል የሚከብድ ስለ ሆነ፣ እንደ ጢስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በወለሉ ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ሾልኮ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ ጉድጓድና የፍሳሽ ቦይ ባገኘበት ሁሉ ይጠራቀማል። ይህ ጋዜጣ ዛሬ ለመናገር የተነሣውም ስለዚሁ ነው። ስለ እሳት የወረስነው ዕውቀት ወደ ላይ የሚመለከት ሲሆን፣ ይህ አዲስ እንግዳ የሚመጣብን በእግራችን ሥር በመሆኑ፣ ቤታችንንም፣ የቡና ሥርዓታችንንም፣ የጀልባችንንም አጫጫን እንደ ጠባዩ ማሰናዳት ይገባናል።

ይህን ስንል ቡታጋዝን ከሕዝቡ ለማስጠላት እንዳልሆነ አስቀድመን እንገልጻለን። ከዘጌ ልሳነ ምድር እየተቆረጠ በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ የኖረው ማገዶ ስንት ዛፍ እንዳስከፈለን፣ ጎንበስ ብለው እሳት ሲያነድዱ የሚውሉት እናቶቻችንም ዓይናቸውና ሳንባቸው በጢስ ምን ያህል እንደ ተጎዳ የማያውቅ የለም። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በደሴቶቹና በዳርቻው ያሉት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ከከበሩት ሀብቶቹ መካከል ነበሩ፤ እነዚህ ደኖች እንዲጠበቁ የሚሻ ሰው ለምጣዱና ለድስቱ ሌላ ማንደጃ መፈለጉ የግድ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም ለሕፃን ወተት፣ ለበሽተኛ አጥሚት የሚደርሰው ይኸው ሲሊንደር ነው። ስለዚህ አሳባችን ቡታጋዙ ይግባ፣ ነገር ግን በሥርዓት ይያዝ የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የቡናችንን ነገር እናንሣ፤ ምክንያቱም በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈው የጥንቃቄ መመሪያ ይህን አይነግረንምና። በአገራችን ቤት ቡና ሲፈላ ከሰሉ የሚቀጣጠለው በወለል ላይ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የከሰል ምድጃው ከባለቤቲቱ ጉልበት በታች ይግላል፣ በአጠገቡም በማጨሻው ላይ ዕጣን ይጨሳል። ይህ ክቡር ሥርዓት ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ በሚፈጸምበት የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ከሲሊንደሩ ያፈተለከው ጋዝ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን አምፖል ከመድረሱ በፊት በቀጥታ ተጉዞ የሚያገኘው ያንን ፍም ነው። ጋዙ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ለመቀጣጠል ከመቶ ሁለት እጅ ያህል መሆን ይበቃዋል። ወርዱም ርዝመቱም ሦስት ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ማድ ቤት ቢታሰብ፣ ክፍሉን በሞላው ለቃጠሎ ለማብቃት አንድ ኪሎ ያህል ጋዝ ይፈጃል፤ ወለሉን አንድ ስንዝር ከፍታ ብቻ ሸፍኖ ለተኛው ጋዝ ግን 100 ግራም ገደማ ይበቃል። በየቤቱ የሚታየው ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ የሚይዝ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ቡናው በሚፈላበት ክፍል ሲሊንደር አያኖርም፤ ሌላ ስፍራ ባጣም ጊዜ ከሰሉን ከማቀጣጠሉ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዘጋል። የቤት እመቤቶቻችን ይህን አንድ ልማድ በቡናው ሥርዓት ላይ ቢጨምሩ የሥርዓቱ ክብር አይቀንስም።

ሲሊንደሩ የሚኖርበት ትክክለኛ ስፍራ ከቤት ውጭ ነው፤ ፀሐይ በማያገኘው ጥላ፣ በደረቅና በተስተካከለ መደብ ላይ፣ ከፍሳሽ ቦይና ከምድር ቤት መስኮት ርቆ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። መጋደም የለበትም፤ የተጋደመ ሲሊንደር በጋዝ ፈንታ ፈሳሹን ወደ ሬጉላተሩ ይልካልና። ጋዙ ሲያልቅ የቀረችውን ጥቂት ለማውጣት ሲሊንደሩን አጋድሞ መናጥ ወይም በሞቀ ውሃ ውስጥ መንከር ለሁለት ብር ቁጠባ ቤትን መያዣ ማድረግ ነው። ከውስጥ ማኖር ግድ በሆነበት ቤት ደግሞ በግድግዳው እግር፣ ከወለሉ ጋር ትክክል የሆነ የነፋስ መውጫ ሊከፈትለት ይገባል፤ ከፍ ያለው መስኮት ለጢስ እንጂ ለዚህ ጋዝ አይጠቅምም። የከተማው አስተዳደር የሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ መስኮት መኖሩን እንደሚጠይቅ ሁሉ ይህን ዝቅተኛ ቀዳዳና ለሲሊንደር የሚሆን የውጭ ስፍራ እንዲጠይቅ አጥብቀን እናሳስባለን፤ በኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ይልቅ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስተካከል ይቀላል።

ከሲሊንደሩ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ከእርሱ ጋር የሚያያዘው ትንንሹ ዕቃ ነው። በግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሮናን ፖይንት በሚባል ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ማለዳ ሻይ ልታፈላ ክብሪት በጫረች ጊዜ በቤቱ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ፈንድቶ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተንዶ አራት ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ጋዙ የወጣው ምድጃውን ከመስመሩ ጋር ከምታያይዘው፣ ከደረጃ በታች ከተሠራች አንዲት የነሐስ ብሎን ነበር። እንግዲህ በእኛም ገበያ ርካሽ ጎማና ልል ማጥበቂያ የሚገዛ ሰው የዚያችን ብሎን ዕጣ ያስታውስ። ጎማው በላዩ የታተመበት ዘመን ሲያልፍ፣ ወይም ጫፉ ሲሰነጣጠቅና ሲደርቅ ይለወጣል፤ በሽቦ ማሰር ጥገና ተብሎ አይቆጠርም።

መፍሰሱን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከማንም ቤት የማይታጣ ሳሙናና ውሃ ነው። ሳሙናው በጽዋ ውስጥ አረፋ እስኪሠራ ይበጠበጣል፤ የምድጃው ማብሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ቫልቩ ይከፈታል፤ አረፋውም በጨርቅ ወይም በብሩሽ በቫልቩ አንገት፣ በሬጉላተሩ ዙሪያ፣ በጎማው ሁለት ጫፎች ላይ ይቀባል። ጤነኛ ከሆነ አረፋው እንደ ተቀባ ቀስ እያለ ይከስማል። የሚፈስ ከሆነ ግን ከተቀባበት ስፍራ አንዲት ዕንቁ የምታህል ፊኛ ብቅ ትላለች፣ ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ በስፍራዋም ሌላዋ ትተካለች። በክብሪት መፈተን ግን፣ አንዳንድ ሰው በድፍረት ሲያደርገው እንደሚታየው፣ የሚፈራውን አደጋ በገዛ እጅ መጥራት ነው። ይህን ፈተና ገዢው ብቻ ሊሸከመው አይገባም፤ ሲሊንደር የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ በገዢው ፊት በቫልቩ ላይ አረፋ ቀብቶ ሳያሳይ እንዳያስረክብ፣ ዕቃው ዳግመኛ የተፈተነበት ቀንም በአካሉ ላይ ተመትቶ መታየቱን እንዲያረጋግጥ የንግድ ቢሮው ሊያስገድደው ይገባል እንላለን። ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጓዳ እየቀዱ መሸጥም በጥብቅ ሊከለከል ይገባል፤ ሲሊንደር ከይዘቱ 80 ከመቶ ያህል ብቻ ተሞልቶ የቀረው ለፈሳሹ መስፋት የሚተወው በሚዛን እንጂ በግምት አይደለምና።

የነበልባሉ ቀለምም ይጠበቅ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ አገር የተስተካከለ ምድጃ በዚህ ከፍታ በደንብ ላይነድ ይችላል። ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ቢጫ ሆኖ ድስት ሲያጠቁር፣ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በቤቱ ውስጥ እየሞላ ሊሆን እንደሚችል ማወቅና ባለሙያ መጥራት ያሻል።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የምናውቀው ክፉ ሽታ የሚመጣው ኤቲል መርካፕታን የሚባል ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሆን ተብሎ ስለሚጨመርበት ነው። ሽታ መጨመር በሕግ እየታዘዘ የተስፋፋው በመጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ በትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካለቁ በኋላ ነው። በዚህን ያህል ዋጋ የተገኘውን ማስጠንቀቂያ በዕጣን ሽታ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ሽታው በተሰማ ጊዜ መብራት አይበራም፣ የበራም አይጠፋም፣ ስልክም በዚያ ክፍል አይነካም፤ ፍሙ በጸጥታ ከቤት ይወጣል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ በሮች ወለል ብለው ይከፈታሉ፣ ልጆችና አረጋውያን ወደ ደጅ ይወጣሉ። በቫልቩ ላይ የተያያዘ ነበልባል ቢኖር ደግሞ ቫልቩን መዝጋት ሳይቻል ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት አይገባም፤ እየነደደ ከሚወጣው ጋዝ ይልቅ ሳይነድ የሚጠራቀመው የከፋ ነውና።

በመጨረሻ ወደ ደሴቶቹ እንመለስ። በደቅ ምዕራባዊ ዳር እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ በአጠገቧም ባለችው ደሴት የነገሥታት አፅም የሚጠበቅባት ዳጋ እስጢፋኖስ አሉ፤ ብራናውም፣ ሥዕሉም፣ የእንጨቱ ሥራም እሳት የሚችል አይደለም፤ የእሳት አደጋ መኪናም በሐይቅ ላይ አይሄድም። ስለዚህ በገዳማቱ ዕቃ ቤትም ሆነ ከቤተ መቅደሱ አጥር በማይርቀው ማድ ቤት ሲሊንደር እንዳይቀመጥ መጋቢዎቹ እንዲያዝዙ በትሕትና እንለምናለን። ሲሊንደር ወደ ደሴት የሚጫንበት ጀልባ ግን ከሁሉ የባሰ ስጋት አለበት። በየብስ ያለ ቤት ቢያንስ በር አለው፤ የጀልባ ሆድ ግን ዙሪያውን የተዘጋ በመሆኑ ወደ ታች የወረደው ጋዝ መውጫ አጥቶ በሞተሩ አጠገብ ተኝቶ ይቆያል፣ ሞተሩ ሲነሣም የሚያገኘው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው። የሐይቁ ትራንስፖርት ሹማምንት ሲሊንደር በጀልባ ሆድ ውስጥ፣ በመንገደኛም መቀመጫ ሥር እንዳይጫን፣ ከላይ በነፋሻው ስፍራ ከሞተሩ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ታስሮ፣ ቫልቩም ቆቡን ደፍቶ እንዲጓዝ ትእዛዝ ያውጡ፤ ሲጋራም በዚያ ጉዞ ይከልከል። ከደሴቱ የሚመለሰው ሲሊንደርም ባዶ ነው ተብሎ በማንኛውም ጓዝ ሥር እንዳይጣል፣ በውስጡ የሚቀረው ጋዝ ለአደጋ የሚበቃ ስለ ሆነ፣ እንደ ሙሉው ሲሊንደር ቆሞና ቆቡን ደፍቶ ይመለስ።