ከጎል አግቢነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና የገጠር ሜዳ ጥያቄ

በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ በግሸን ዙሪያ፣ ሜዳማ መሬት ብርቅ ነው። ያለውም ጥቂት ሜዳ ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለገበያ ይፈለጋል። በዚህ መካከል የወጣቶች መጫወቻ ቦታ ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ ይችላል። ይሁንና ጉዳዩ የስፖርት አስተዳደር መነሻ መሆኑን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ያስረዳል።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከሃያ ዓመታት በላይ ተጫውተው ስመ ጥር ጎል አግቢ ሆኑ። በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነው፣ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በመርታት ዋንጫው በአገር እንዲቀር አደረጉ።

ስማቸውን ከድንበር ያሻገረው ግን የአስተዳደር ሥራቸው ነው። በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰናበተች፤ ይድነቃቸውም የዘር መድሎውን ሥርዓት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ተቃወሙ። የአፍሪካ አገሮች ቀጥተኛ ቦታ በመነፈጋቸው ከ1958 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ ራሳቸውን ሲያገልሉ፣ እሳቸው ከግንባር ቀደም ተሟጋቾች መካከል ነበሩ። በውጤቱም አህጉሪቱ በ1962 ዓ.ም አንድ፣ በ1974 ዓ.ም ሁለት ቀጥተኛ ቦታ አገኘች። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ለ2018 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ደርሷል። በሩን ካስከፈቱት አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ ግን አንድም ጊዜ አልገባችበትም። ይባስ ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በማጣት፣ በሜዳው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጨዋታዎችን ለዓመታት በሰው አገር አድርጓል። ቀድሞ ያስተናግደው የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየምም ከመስፈርቱ በታች ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

ይህ የሚያሳየው በላይኛው ወንበር የተገኘ ድል ከታች ካልተደገፈ ፍሬው ለሌላ እንደሚሆን ነው። በአትሌቲክስም ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና ስለሺ ስህን በተከታታይ ፌዴሬሽኑን ለመምራት በቅተዋል። ሯጭ የሚመዘነው በሰዓቱ ነው፤ መሪ ግን ለሚቀጥለው ትውልድ በሚያዘጋጀው የመለማመጃ ቦታ፣ አሠልጣኝና ውድድር ይመዘናል። ወንበሩ ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ ገጠሩ ላይ ሜዳ ከሌለ የሚመለምለው ወጣት አያገኝም።

የመሬት ጥበት ያለበት አርሶ አደር ግጦሹን ለጨዋታ ለመልቀቅ ቢያመነታ ምክንያት አለው። ነገር ግን ምርጫው ወይ ከብት ወይ ኳስ መሆን የለበትም። የጋራ ሜዳው ድንበር በስምምነት ከተለካ፣ በቀበሌው መዝገብ ከሰፈረና የግጦሹ፣ የገበያውና የልምምዱ ቀን ከተለየ፣ አንዱ ቦታ ለሁሉም ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ከስታዲየም ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ውሳኔና ውሳኔውን የሚያስከብር ኮሚቴ ነው።