እድራችን ለታመመውም ይድረስ

የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪዎች፣ በተለይ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ይህን ጥሪ የማቀርበው ለእናንተ ነው።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይድናል። በ2001 ዓ.ም. ሕክምናው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር ታማሚው ለወራት መርፌ እየተወጋ 2 ዓመት ገደማ ይታከም ነበር፤ መርፌውም የብዙዎችን ጆሮ ጎድቷል። ዛሬ መድኃኒቱ የሚዋጥ ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የ6 ወር ሕክምና ይመክራል። ሕክምናው ነፃ ነው፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታልም ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል? በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሱት የሰውነት መክሳትን፣ ኤች አይ ቪን፣ ደም ማነስንና ሌሎች ተደራቢ በሽታዎችን ነው። ሐኪም የሚይዘውን ለሐኪም እንተወው። ክሳቱ ግን የጎረቤትም ሥራ ነው። ቢዳኩሊን የሚባለው ዋናው ክኒን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ ተከራይ ግን ሲታመም ገቢው ይቆማል፤ ኪራዩ አይቆምም። ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሻይ ውጦ ይተኛል።

በሕንድ ጃርካንድ ግዛት ለሳንባ ቲቢ ታማሚዎች በየወሩ 10 ኪሎ አስቤዛ፣ ማለትም ሩዝ፣ ክክ፣ የዱቄት ወተትና ዘይት ተሰጣቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ክብደታቸው 5 በመቶ በጨመረ ታማሚዎች ላይ የሞት አደጋው 60 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል። ይህን ያህል አስቤዛ የትኛውም እድራችን አያቅተውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ለታመመ ሰው የሚሆን ወርሃዊ አስቤዛ አጀንዳ ይሁን። የእድር አባል ያልሆነው ተከራይም ይታሰብበት። ስሙ በስብሰባ አይነሳ፣ በሽታው አይጠየቅ፤ እርዳታው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ቤቱ ይድረሰው።

አከራዮች፣ እባካችሁ ታማሚ አታስወጡ። ሕክምናውን በአግባቡ ሲወስድ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ቤት አልባ ሲሆን ግን መድኃኒቱን ያቋርጣል። መስኮት ይከፈት፣ ታክሲ ውስጥም ጭምር። 2 ሳምንት የዘለቀ ሳል ያለባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አክታችሁ በጂን ኤክስፐርት እንዲታይ ጠይቁ። መሣሪያው ቲቢው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል።

ዳኛው አጀንዳውን ካላነሳው፣ እናንተ እጃችሁን አውጥታችሁ አንሱት።