ሙዚየም ለእንግዳ ብቻ ነው እንዴ?

እስቲ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብሔራዊ ሙዚየም ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁት መቼ ነው? «ከውጭ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ ይዤ» ካላችሁ አይቆጠርም። «ተማሪ እያለሁ» ካላችሁም እንደዚያው። አዲስ አበቤ ሙዚየም የሚገባው ወይ ለሰው ሲል፣ ወይ ተሰልፎ ነው። ለራሱ ብሎ ቀን ቆርጦ የሚሄደው እምብዛም ነው።

ለሌላው ነገርማ ማቀድ እናውቅበታለን። የሠርግ ኮሚቴ ከወራት በፊት ይቋቋማል። የአርሰናልና የማንቼ ጨዋታ የት እንደሚታይ ከሰኞ ጀምሮ ይመከርበታል። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከተማ አቋርጠን እንሄዳለን። ሥዕል ለማየት ሲሆን «ጊዜ የለም»።

ሌላዋ ሰበብ «እኔ ሥዕል አይገባኝም» የምትለዋ ናት። ይቺንስ አልቀበልም። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል እንደ መጽሐፍ ያነቡት ነበር። ቅዱሱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አስጎብኚ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ «አይገባኝም» የሚለው እንግዲህ ዲግሪ የጫነው የልጅ ልጅ ነው!

ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንውሰድ። ግጥሙን እያነሳን የምናመሽ ስንት ነን! ሰውየው ግን ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ የመጣ፣ ረቂቅ ሥዕልን ለአገሩ ሰው ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን አገር የኖሩ ሥዕሎቹ ግን ወደ አገራቸው ገቡ፤ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ሥዕሎቹ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ እኛ ከታክሲ ወርደን መግባት አቃተን።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው አልልም። ብዙዎቻችንን ከሥዕል ያራቀን የትምህርት ቤት ጉብኝት ነው። «አትንኩ! አታውሩ! ቶሎ በሉ!» እየተባለ የሚነዳ ልጅ ሉሲን በጨረፍታ አይቶ፣ ፎቁ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሮጦ አልፎ አውቶቡሱ ውስጥ ይገኛል። ካደገ በኋላ «ሙዚየም አይቻለሁ» ይላል። ሙዚየሞቹም ቢሆኑ በር ከፍቶ መቀመጥ አይበቃቸውም፤ የሰፈራቸውን ሰው መጥራት አለባቸው።

የኛ እቅድ ግን ከባድ አይደለም። ደውሎ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት መጠየቅ፣ ከዚያ ልጅ ወይም ጓደኛ ይዞ መሄድ ነው። ሁሉንም ልይ አትበሉ፤ ለአንድ ቀን ሦስት ሥዕል ይበቃል። ሞባይሉን ኪስ ከታችሁ አንዱ ፊት አምስት ደቂቃ ቁሙ። ካልወደዳችሁት መብታችሁ ነው፤ ወጥታችሁ ቡና እየጠጣችሁ ተጨቃጨቁበት።

ነገሩ የመዝናናት ብቻ አይደለም። የሚያየው ያጣ ሥዕል ባለቤት የለውም። አንድ ቀን ጣሪያው ቢያፈስበት ወይም ቦታው ለሌላ ጉዳይ ቢፈለግ፣ «ኧረ ተዉ!» የሚለው ማን ነው? አይቶት የማያውቅ ሰው አይጮህለትም። ስለዚህ የሚቀጥለው እንግዳ ከቦሌ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቀን ቁረጡ!