እሑድ የሚነዳው ማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ቤትም በሻይ ክበብም አንድ ክርክር ተነሥቷል። እሑድ ከሐርቡ ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ መውጣት ሰንበት መሻር ነው ወይስ አይደለም? አንዳንዱ «ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ ሲውል እናንተ በሚኒባስ ትከንፋላችሁ» ይላል። ሌላው «መኪና በሬ አይደል፣ ምን ይደክመዋል!» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም አንድ ሰው ረስተዋል እንላለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1677 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰንበት ሕግ ጋሪ ነጂና ከብት ነጂ እሑድ እንዳይጓዙ ከልክሎ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አውቶሞቢል ሲመጣም፣ ጥሩምባውና አቧራው ጸሎተኛውን አወከ፣ ባለጸጋው ሊንሸራሸር ሲወጣ ቅጥር ሾፌሩ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ የሚሉ ተቃዋሚዎች ተነሡ። የጥሩምባው ነገር ዛሬ ያስቅ ይሆናል፤ የሾፌሩ ግን አያስቅም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ያነበበ እንደሚያውቀው፣ የሰንበት ዕረፍት ለጌታው ብቻ አልታዘዘም፤ ለሎሌው፣ ለገረዱ፣ ለበሬውና ለአህያውም ጭምር ነው። እንግዲህ ሞተሩ ባይደክመው መሪ የጨበጠው ሰውዬ ይደክመዋል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኮምቦልቻ! ደሴ!» እያለ የሚጮኸው ረዳትም እንዲሁ። የቀን ገቢ ለባለ መኪናው ማስረከብ ያለበት ሾፌር እሑድ ቀርቶ ሰኞና ማክሰኞም ዕረፍት የለው።

ታዲያ መንገዱ ይዘጋ? እሑድ ምጥ የያዛት እናት በምን ሆስፒታል ትድረስ? ደግሞስ ወሎ ውስጥ ሆነን የአንዱን ሰንበት በሁሉም ላይ እንዴት እንጭናለን? ሙስሊሙ ወንድማችን ጁምዓ አለው፤ ቁርኣንም አዛን ሲሰማ ንግዱን ትቶ ወደ ሶላት እንዲሄድ ያዘዋል፣ ሶላቱ ሲያበቃ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ሥራው እንደ ሕዝብ ማመላለሻ የማይቋረጥ ከሆነ በእሑድ ፈንታ ሌላ ቀን ይተካል። በቃል ብቻ ተስማምቶ ለሚሠራው ረዳት ግን ይኸን ማን ይጠይቅለት?

የእኛ ሐሳብ ይኸ ነው፤ በአንድ መኪና ሁለት ሾፌር ተስማምተው ክርስቲያኑ እሑድ፣ ሙስሊሙ ዓርብ ሲያርፍ አንዱ ሌላውን ይተካው። ረዳቶቹም እንደዚሁ። መኪናው ያው ሰባቱንም ቀን ይሠራል፤ ለባለ መኪናው ምን ይጎድልበታል?