የአምቡሊ አትክልተኞችና የብስክሌት ባትሪ

የጅቡቲ ከተማ ሕዝብ የሚመገበው አትክልትና ፍራፍሬ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተጭኖ የሚመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአምቡሊ ወንዝ ዳር፣ በተምር ዛፎች ጥላ ሥር የሚለማው ምርት ከማሳው እስከ ገበያው ያለው መንገድ አጭር በመሆኑ ትኩስነቱን እንደ ጠበቀ ሊደርስ ይችላል። አትክልተኛው ምርቱን ፀሐይ ሳትበረታ ለማድረስ ቤንዚን የማይጠይቅ ባለ ባትሪ ብስክሌት ቢኖረው ጥቅሙ አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው ባትሪው የት እንደሚሞላ ነው።

ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል ታገኛለች፤ በ2023ም በጉቤት 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። መስመሩ ካልደረሰበት ማሳ ወይም ጎጆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ሁሉ ባትሪ አይሞላለትም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ስለ ጄኔሬተር ነው። የብስክሌት ቻርጀር የሚስበው ከ100 እስከ 150 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን ለዚህ ሲባል አንድ ሺህ ዋት የሚሰጥ ሞተር ማስነሣት ቤንዚኑን ሞተሩን ራሱን ለማዞር ማቃጠል ነው። ከቤንዚን ለመዳን ብስክሌት ገዝቶ ለብስክሌቱ ቤንዚን መግዛት ምን ዐይነት ቁጠባ ነው?

ሁለተኛው ልማድ ሶላር በሚባለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የመኪና ባትሪ መሙላት፣ ከዚያም ኃይሉን በኢንቨርተር ለውጦ ለብስክሌቱ ቻርጀር መስጠት ነው። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን በየደረጃው የሚባክነው ሲደመር ከተገኘው ኃይል ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። የሚመረጠው ከሰሌዳው በቀጥታ፣ ቮልቱን ለባትሪው በሚስማማ መጠን በሚያስተካክል መቆጣጠሪያ መሙላት ነው። ባለ 48 ቮልት የሚባሉት ባትሪዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ዐይነት 54.6 ቮልት ላይ ሲሞላ ሌላው 58.4 ቮልት ላይ ይሞላል። የአንዱን ቻርጀር ለሌላው መስጠት እሳት መጥራት ነው።

ስለ ሰሌዳው ስፋት ብዙ ሰው ያለ ልክ ይፈራል። ጭነት የያዘ ብስክሌት በኪሎ ሜትር 20 ዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አትክልተኛ በቀን የሚጎድለው 200 ዋት ሰዓት ነው። የሚተካውም ይኸው የጎደለው ነው እንጂ የባትሪው ሙሉ መጠን አይደለም፤ ለዚህም ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ባለ 150 ዋት ሰሌዳ በማለዳ አራት ሰዓት ውስጥ ይበቃል። (በብስክሌቱ ላይ ተተክሎ እየነዱ ይሞላል እየተባለ የሚሸጠውን ትንሽ ሰሌዳ ግን ለልጆች መጫወቻ መተው ይሻላል።)

ማለዳ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በጅቡቲ የጎደለው ፀሐይ አይደለም፤ አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። የሊትየም ባትሪ ሠሪዎች አብዛኞቹ ከ45 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጊዜ መሙላትን ይከለክላሉ። በበጋው ወራት ደግሞ፣ ይኸውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የአየሩ ሙቀት ብቻውን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከመንገድ የተመለሰ ባትሪም የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል። ስለ ሆነም ሰሌዳው ከፀሐይ፣ ባትሪው ከጥላ ይሁን፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኝበት ይቀመጥ፤ ከጉዞ እንደ ተመለሰም ወዲያው አይሰካ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ግን ቀኑን ሙሉ መሙላት ይቻላል። ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር የሽቦ መሰኪያዎችን ስለሚበላ፣ እነርሱን አዘውትሮ መመልከትና መጥረግ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ባትሪውን ወደ ቤት ወስዶ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ መሙላት ነው። በባልባላ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩት ቤቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። የተበላሸ የሊትየም ባትሪ አንድ ጊዜ ከተያያዘ በአንድ ባልዲ ውሃ አይጠፋም፤ ጢሱም መርዛም ነው። የሚነደውም የባለ ብስክሌቱ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ ቦታው ማሳው ነው ማለት ነው። የውሃ ጉድጓዱን በፀሐይ ኃይል ፓምፕ የሚስብ አትክልተኛ ሰሌዳ አለውና፣ ታንከሩ ከሞላ በኋላ ያ ሰሌዳ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ነገር ግን የፓምፑ ቮልት ከብስክሌቱ ጋር ስለማይገጥም ሽቦ ቀጥሎ መሞከር አደገኛ ነው። ይህንን ማስተካከል የአትክልተኛው ሳይሆን ፓምፕ የሚያድለው መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው። ፓምፕ በሚተከልበት ጊዜ ሁሉ ለባትሪ የሚሆን የተለየ መሰኪያ ከነመቆጣጠሪያው አብሮ ቢታዘዝ፣ ጭማሪው ወጪ ከፓምፑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም።

የሚተከልበት ስፍራም ይታሰብበት። የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 በጎርፍ ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2019ም ከተማዪቱ በኃይለኛ ዝናብ ተጥለቅልቃለች። ሰሌዳውና መቆጣጠሪያው ከወንዙ አፋፍ በላይ፣ በከፍተኛ ምሰሶ ላይ ይቁሙ፤ ባትሪው ግን ከብስክሌቱ የሚወጣ ይሁንና ደመና በታየ ጊዜ አትክልተኛው ይዞት ይውጣ።