መሃል ላይ ምን አለ?

በ2008 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። ከተማው ውስጥ አንድ ጉደኛ መኪና ቆሞ አየን፤ ከኋላው ቤት ተሠርቶበታል። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውኃ ጋኑ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ታርጋው የአውሮፓ ነው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው። ሦስተኛዋ ተሳፋሪ ደግሞ መኪናው ጥላ ሥር የተጋደመች ቡናማ ውሻ ነበረች።

ልጆች ከበቧቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ትነክሳለች?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል፦ «እውነት አልጋ ላይ ነው የምትተኛው?» አስተረጎምንላቸው። ሚስትየዋ ሳቀችና «መሃላችን ነው የምትተኛው» አለች። ውሻ በር ላይ ተኝቶ ቤት ሲጠብቅ ላደገ ልጅ ይሄ የሳምንት ወሬ ነው!

መንገዳቸውን ነገሩን። ከግብፅ ወደ ሱዳን፣ ከካርቱም ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ጋላባት፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግረው መተማ ዮሐንስ። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ መጨረሻው ኬፕታውን። ከሰሜን አፍሪካ እስከ ደቡብ ጫፍ በመኪና የሚወርድ ፈረንጅ በእነዚያ ዓመታት ብዙውን ጊዜ በመተማ በኩል ነበር የሚገባው። ከመተማ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። እነሱም በአንድ ቀን ወጥተውታል። ከቆላው ሙቀት ተነሥተው ማታ ጎንደር ላይ ጃኬት ለብሰዋል።

ሚስትየዋ እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «ስለቸኮልን አላየነውም። ያ ቆላ ውስጥ፣ መሃል ላይ ምን አለ?»

ከእኛ አንዱ ቀደም ብሎ መለሰ። «ምንም የለም። ሰሊጥ ብቻ ነው። ላሊበላን እዩ፤ ሰሜን ተራሮችን እዩ» አላት።

ይሄን ያለው ልጅ የአብርሃ ጅራ ልጅ ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ የሰሊጥ ብር አስተምሮት ጎንደር የመጣ። ስለ አገሩ ተጠይቆ «ምንም የለም» አለ። እኛም አጠገቡ ቆመን ራሳችንን ነቀነቅን።

ዛሬ ይሄን የምንጽፈው ያ መልስ ስለሚቆጠቁጠን ነው።

እስቲ ምን እንደነበረ እንቁጠር። መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል፤ ከተማዋ ስማቸውን የያዘችው በዚህ ነው። ከመተማ ወደ ደቡብ፣ ቋራ ውስጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እንዲያውም በዚያው የጥር ወር መጨረሻ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸው በካሜራ መረጋገጡን ለዓለም አስታወቀ። እኛ «ምንም የለም» ካልን ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም! ወደ ሰሜን ደግሞ አብርሃ ጅራ አለች፤ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ። ዙሪያዋን የሚበቅለው ሰሊጥ ለዓመታት ለአገሪቱ ዶላር ካመጡ ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው።

ለአረምና ለአጨዳ ከየደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። እሱም መንገደኛ ነው። እሱም ከቤቱ ርቆ ሜዳ ላይ ያድራል። ልዩነቱ ፈረንጆቹ ሜዳ ላይ ማደርን «ካምፒንግ» ብለው የሚዝናኑበት መሆኑ ነው። መስኮታቸው ላይ የወባ መረብ ተወጥሯል፤ ጠዋት ቡናቸውን አፍልተው ይጠጣሉ። የእኛው ልጅ ደግሞ ግራር ሥር፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ያለ አጎበር ይተኛል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው ይሄንኑ ቦታ ነው፤ የግራር ሥርና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች እንደገባ ይታመናል። ከአብርሃ ጅራ አልፎ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ካላዛርና በእባብ የተነደፈ ሰው ሲያክሙ ኖረዋል። አንድ ሜዳ፣ አንድ ሰማይ፣ ሁለት ዓይነት አዳር።

ወደ ውሻዋ እንመለስ። እሷም የራሷ ወረቀት ነበራት። ከኢትዮጵያ ዓይነት አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመመለስ ውሻ ቆዳው ሥር ቺፕ ይቀበርለታል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ ክትባቱ መሥራቱ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ይሄን ያሟላ ውሻ ሰተት ብሎ ይገባል። በዚያው መተማ በኩል ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሌሊት፣ በደላላ እየተመራ፣ ወደ ካርቱምና ሊቢያ የወጣውን ወንድማችንን አስቡት። ለእሱ እንዲህ ተዘርዝሮ የሚሟላ ወረቀት ማን ሰጠው? በውሻዋ አንቀናም። ወረቀቷ ያስተማረን ነገር ግን አለ፦ መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተጓዡ ደኅንነት ግን አንድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በመተማ ድንበር የሚገባው መንገደኛ ልጁን ያዘለ ስደተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2016 ዓ.ም. ከአውላላና ከኩመር መጠለያዎች የወጡ ብዙ ሱዳናውያን ዝርፊያና እገታ ፈርተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለወራት አደሩ። ከጦርነት ሸሽተው በእኛ ጫካ ውስጥ መደበቅ! ለመተማ ሰው «መንገድ» ማለት «ማን ያግተኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሆኗል። ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ አጫጁም ይሄንኑ ያሰላል። ቤት ያለው መኪናና ውሻማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡት ፈረንጆች ብዙዎቹ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ይዞራሉ፣ ወይም መኪናቸውን በመርከብ ያስጭናሉ። እነሱ ሌላ መንገድ አላቸው። የአብርሃ ጅራ ሰው የለውም።

«ሰው እየሞተ እናንተ ስለ ሽርሽር ታወራላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሳችን ይሄ ነው፦ ሰላም መምጣቱን በምን እናውቃለን? በመግለጫ አናውቅም፤ መግለጫ ብዙ ሰምተናል። በወታደር ብዛትም አናውቅም። ሰላም መምጣቱ የሚታወቀው ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው መንገድ ሲወጣ ነው። ነጋዴ ለብሩ ሲል ይደፍራል። አጫጅ ለእንጀራው ሲል ይደፍራል። ስደተኛ አማራጭ ስለሌለው ይደፍራል። «እስቲ አገር አይተን እንምጣ» ብሎ ሚስቱንና ውሻውን አሳፍሮ የሚወጣ ሰው ግን የሚወጣው እውነት ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። እሱን ማንም አያስገድደውም። ስለዚህ እሱ ጠፋ ማለት ሌሎቹ ሁሉ እየፈሩ ነው የሚሄዱት ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቱሪዝም በተባለ ቁጥር የምንቆጥረው ፈረንጅ ነው፣ ዶላር ነው። እኛ ራሳችን ግን የት ሄድን? ደብረ ዘይትና ሐዋሳን እናውቃለን። ዱባይን የምናውቅም አለን። አብርሃ ጅራን የሰማናት ግጭት ሲኖር በዜና ነው። አገሩን ለሥራና ለሽሽት ብቻ የሚያቋርጥ ትውልድ፣ ስለ አገሩ ሲጠየቅ «ምንም የለም» ቢል አይገርምም። ማየት የማንፈልገው ቦታ ሲቃጠል ደግሞ ጭሱም አይታየንም።

የምንመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። አጫጁ ከነአጎበሩ እንዲያድር፣ ክሊኒኩ መድኃኒት እንዲኖረው፣ መንገዱ በቀን ብቻ ሳይሆን በማታም እንዲያስኬድ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የጎንደር ልጅ እጮኛውን ይዞ በሳንጃ በኩል አብርሃ ጅራ ወርዶ፣ ሰሊጡ ሲያብብ አይቶ፣ ሁለት ቀን አድሮ እንዲመለስ። «ለምን ሄድክ?» ሲባል «እንዲሁ» ማለት እንዲችል።

ያ የአብርሃ ጅራ ልጅ ዛሬም ጓደኛችን ነው። ቤተሰቡን ካየ ቆይቷል። ሰሞኑን ያቺን ፈረንጅ አነሣንበት። «ዛሬ ብትጠይቅህስ ምን ትላት ነበር?» አልነው።

ትንሽ ዝም አለና «መሃል ላይ እናቴ አለች» አለን።